ሰርቨሩ ስራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳይቱ አይከፍትም፣ አታክ ነው ወይስ የጣቢያዎቹ ስልክ?

የሊሙ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ አይቲ ላይ ነው የምሰራው፣ ሰርቨሩንም የማስተዳድረው እኔ ብቻ ነኝ። ነገሩ ግራ ስለገባኝ እስቲ የምታውቁ እርዱኝ።

በፒኤችፒ የተሰራች ቀላል ሳይት አለችን። በእሸት ግዢ ወቅት ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ማታ ማታ የቀኑን ግዢ በሷ ነው የሚልኩት፣ ስንት ኪሎ እሸት ገባ፣ በስንት ተገዛ፣ የሚዛን ወረቀቱ ፎቶም አብሮ ይላካል። ዩኒየኑ ያንን አይቶ ነው በነጋታው ለየትኛው ጣቢያ ስንት ብር እንደሚላክ የሚወስነው። ሪፖርት ካልገባ ብር አይሄድም፣ ብር ካልሄደ ጣቢያው መግዛት አይችልም፣ እሸት ደግሞ ተለቅሞ አያድርም፣ ገበሬው ምን ያድርግ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሰብሳቢ በወረደ ዋጋ ሰጥቶት ይሄዳል። ስለዚህ ሳይቷ ማታ መዘጋቷ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ 3 ሰዓት ድረስ ሳይቱ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ አይከፍትም፣ ኤረርም አይሰጥም። ሰርቨሩ ውስጥ ስገባ ግን ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨሩ የምገባበት) ፈጣን ነው፣ ሲፒዩው ምንም አልነካውም፣ ራሙ ግማሽ በላይ ባዶ ነው፣ ባንድዊድዙም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አፓቼን፣ ሳይቷን የሚያስተናግደውን ፕሮግራም፣ ሪስታርት ሳደርገው ለትንሽ ደቂቃ ይሰራና ተመልሶ ያው ነው። ኤረር ሎጉ ላይ ያገኘሁት "ማክስሪኬስትወርከርስ ገደብ ላይ ተደርሷል፣ ከፍ ማድረግ ያስቡበት" የሚል መስመር ብቻ ነው። ኡቡንቱ ቪፒኤስ (የተከራየነው ቨርቹዋል ሰርቨር) ነው፣ 4 ጊጋ ራም፣ አፓቼ በፕሪፎርክ፣ ኤችቲቲፒኤስ። ትልቅ ሰርቨር ግዙ ያለን ሰው አለ፣ እኔ ግን ባዶ የተቀመጠ ሲፒዩ እያየሁ ምን ልግዛ?

ኮቺ_ሰፈር

ወንድሜ ኔትወርክ ነው በቃ፣ ማታ ማታ ሰዉ ሁሉ ኔት ላይ ነው የሚወጣው፣ እዚህ እኛ ሰፈርም ያው ነው።

የሊሙ_ልጅ

አይደለም፣ ሰርቨሩ እኮ ጅማ ውስጥ አይደለም ያለው፣ ውጭ ነው። ውጭ ካለ ሌላ ማሽን ላይ ሆኜም ሞክሬዋለሁ፣ ከዛም አይከፍትም። በዛው ሰዓት ኤስኤስኤች ግን እንደ ቢላ ነው።

የድሮ_አድሚን

ሲፒዩ ባዶ፣ ራም ባዶ፣ ባንድዊድዝ ባዶ፣ ወርከር (ጥያቄ የሚያስተናግደው የአፓቼ ፕሮሰስ) ግን አልቋል። ይሄ ምልክት የታወቀ ነው፣ ግን ሳላይ አልናገርም። ሁለት ነገር አምጣልኝ።

አንደኛ የአፓቼን ሰርቨር-ስታተስ ገጽ። ልብ በል፣ ያ ገጽ ራሱ ለመከፈት አንድ ነጻ ወርከር ይፈልጋል፣ ሁሉም ከተያዘ እሱም አይከፈትም፣ ስለዚህ ሪስታርት እንዳደረግክ ወዲያው ከሰርቨሩ ውስጥ በከርል እየደጋገምክ ጥራው፣ እስኪሞላ ድረስ ያለውን ታያለህ። እዛ ላይ እያንዳንዱ ወርከር በአንድ ፊደል ነው የሚታየው። "አር" ከሆነ ጥያቄውን ገና እያነበበ ነው፣ "ደብልዩ" ከሆነ መልስ እየሰጠ ነው ይልሃል፣ "ኬ" ከሆነ ኪፕ-አላይቭ ላይ ቆሟል (መልስ ሰጥቶ ቀጣይ ጥያቄ እየጠበቀ ነው)፣ ሰረዝ ከሆነ ነጻ ነው። ሁለተኛ በኤስኤስ ኮማንድ ፖርት 443 ላይ የተከፈቱትን ኮኔክሽኖች በአይፒ ቆጥረህ ደርድራቸው። አክሰስ ሎግ ላይ ጊዜህን አታጥፋ፣ አፓቼ አክሰስ ሎግ ላይ የሚጽፈው ጥያቄው ሲያልቅ ነው፣ ያላለቀ ጥያቄ እዛ የለም።

የሊሙ_ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ጠብቄ አየሁት። ሪስታርት ካደረግኩ በኋላ ገጹ በአይኔ እያየሁ በ"አር" ሞላ፣ ከመሃል አንዳንድ "ደብልዩ" አለ፣ ሰረዝ የሚባል ጠፋ፣ ከዛ ገጹም እምቢ አለ። አይፒዎቹ ደግሞ ሁለት አይነት ናቸው። ሶስት የውጭ አገር አይፒዎች እያንዳንዳቸው በጣም ብዙ ኮኔክሽን ይዘዋል፣ አብዛኛውን የያዙት እነሱ ናቸው። የቀሩት የአገር ውስጥ የሞባይል አይፒዎች ናቸው፣ ከነሱም አንዳንዱ ላይ አስር አስራ አምስት ኮኔክሽን አለ። "ደብልዩ" ላይ ያሉት አብዛኞቹ የኛዎቹ ናቸው።

የድሮ_አድሚን

በቃ ታወቀ። የውጭዎቹ ሶስቱ ስሎውሎሪስ የሚባለውን ነው እየሰሩብህ ያሉት፣ ወይ የሱን ዘመድ። ብዙ ሰው ዶስ አታክ ሲባል የሚያስበው ትራፊክ እንደ ጎርፍ ሲለቀቅበት ነው። ይሄኛው ተቃራኒው ነው፣ ምንም አይለቅም። ስሎውሎሪስ 2009 ላይ ነው በይፋ የወጣው፣ በዛው ዓመት ኢራን ውስጥ ከምርጫው በኋላ በተነሳው ተቃውሞ ጊዜ የመንግስት ሳይቶች ላይ ተጠቅመውበታል፣ ምክንያቱም የራስህን ኔት ሳያጨናንቅ የሌላውን ሰርቨር ብቻ መርጦ ያቆማል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ኤችቲቲፒ ላይ ደንበኛው ሄደሩን (ከጥያቄው ፊት የሚሄዱትን የመግለጫ መስመሮች) ጨርሶ ባዶ መስመር እስኪልክ ድረስ ሰርቨሩ ይጠብቃል። አጥቂው ኮኔክሽን ይከፍትና የመጀመሪያውን መስመር ይልካል፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ አንድ ሌላ ሄደር፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ባዶዋን መስመር ግን መቼም አይልካትም። ባንክ መስኮት ላይ ቆሞ ስሙን በየደቂቃው አንድ ፊደል እየተናገረ ገንዘብ ያዥዋን እንደያዘ ሰው በለው፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ አይንቀሳቀስም፣ ገንዘብ ያዥዋም ስራ የላትም። አንተ ያለህ ፕሪፎርክ ላይ ለአንድ ኮኔክሽን አንድ ሙሉ ፕሮሰስ ነው የሚያዘው። ኡቡንቱ ላይ ማክስሪኬስትወርከርስ ካልነካኸው 150 ነው። 150 ሰው ዝም ብሎ ከያዘ 151ኛው ውጭ ይጠብቃል። ሲፒዩህ ለምን ባዶ እንደሆነ አሁን ገባህ? የሚሰራ ሰው የለም እኮ፣ ሁሉም እየጠበቀ ነው።

ያንን የኤረር ሎግ ምክር ተከትለህ ቁጥሩን ከፍ አታድርገው። አጥቂው 150 የያዘ 500ም ይይዛል፣ ለሱ ምንም አይጨምርበትም፣ ላንተ ግን እያንዳንዱ ፕሮሰስ ፒኤችፒውን ይዞ ስለሚነሳ አንድ ቀን እውነተኛ ስራ ሲመጣ ራምህ ያልቅና ስዋፕ ውስጥ ትገባለህ፣ ያኔ ኤስኤስኤችም አያስገባህም።

ኪቶ_ፉርዲሳ

ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ ኔትወርክ ሴኩሪቲ ኮርስ ላይ ይሄንን አይተነው ነበር። አፓቼ እኮ ቀርፋፋ ጥያቄን የሚቆርጥ ሞድ_ሪክታይምአውት የሚባል ሞጁል አለው፣ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ሲጫን ጀምሮ በርቶ ነው የሚመጣው። ሄደር ላይ 20 ሰከንድ ይሰጣል፣ በሰከንድ 500 ባይት እየላከ ከሆነ ይጨምርለታል፣ ከ40 ሰከንድ በላይ ግን አይጠብቅም። ታዲያ ስሎውሎሪስ እንዴት አለፈ?

የድሮ_አድሚን

ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እርሳስሽን ይዘሽ አስይው። አንድ ኮኔክሽን 20 ሰከንድ ብቻ ከያዘ 150ውን ሞልቶ ለማቆየት በሰከንድ ስምንት የማይሞላ አዲስ ኮኔክሽን ይበቃል። ያ ምንም ማለት አይደለም፣ ከአንድ ላፕቶፕ ይወጣል። ታይምአውቱ አጥቂውን ትንሽ ያሯሩጠዋል እንጂ አያስቆመውም።

የባሰ ግን አለ። የሱ ሳይት ኤችቲቲፒኤስ ነው። ሄደሩ ከመምጣቱ በፊት የቲኤልኤስ ሃንድሼክ (ምስጠራውን የሚስማሙበት ሰላምታ) አለ፣ ለሱ ሪክታይምአውት ውስጥ "ሃንድሼክ" የሚል የራሱ ቦታ ያገኘው ከአፓቼ 2.4.39 ጀምሮ ነው፣ ዲፎልቱም ዜሮ ነው፣ ማለትም ጠፍቷል። ካልበራ የሚቀረው ጠቅላላው ታይምአውት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ኡቡንቱ ኮንፊግ ላይ 300 ሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ! አጥቂው ኮኔክሽን ከፍቶ ሃንድሼኩን ሳይጨርስ ቢቀመጥ በሁለት ሰከንድ አንድ ኮኔክሽን ይበቃዋል። ሰርቨር-ስታተስ ላይም ይሄ "አር" ሆኖ ነው የሚታየው። የሊሙ_ልጅ፣ የውጭዎቹ አይፒዎች በአክሰስ ሎግ ላይ 408 (ጊዜው አልፏል የሚል መልስ) ጥለው ያልፋሉ ወይስ ጭራሽ የሉም?

የሊሙ_ልጅ

ጥቂት 408 አለ፣ ግን ከያዙት ኮኔክሽን ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። አብዛኞቹ ሎጉ ላይ ጭራሽ የሉም።

የድሮ_አድሚን

እንግዲያው ሃንድሼኩ ላይ ነው የሚቀመጡት። ለዛሬ ማታ ሃንድሼክን 10 ሰከንድ አድርገውና ሶስቱን አይፒ በፋየርዎል ዝጋቸው፣ ሪፖርቱ ይግባ። ነገ ግን ሌላ አይፒ ይዘው ይመጣሉ፣ ስለዚህ እሱ መፍትሄ አይደለም፣ ለአንድ ሌሊት ነው።

ፈረንጅ_አራዳ

ለምን ትደክማላችሁ፣ አይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ላይ ኮንሊሚት አለ፣ ከአንድ አይፒ ከ10 ኮኔክሽን በላይ አትቀበል በለው፣ በአንድ መስመር ያልቃል። ከዛ ታይምአውቱን ሁሉ 5 ሰከንድ አውርደው። ሄደር ለመላክ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ሰው አጥቂ ነው። እኔ የማስተዳድራቸው ሰርቨሮች ላይ እንደዚህ ነው ያደረግኩት፣ ሰላም ነው።

አጋሮ_ጣቢያ

እኔ የኮምፒውተሩን ነገር አላውቅም፣ ግን እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ጣቢያ ላይ ሪፖርት የምልከው ሰው ነኝ። እኛ ጋ ኔትወርኩ ጣቢያው ውስጥ የለም፣ ከቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ በላይ ወዳለው ዳገት ወጥተን ነው የምንልከው። ማታ ሚዛኑ ተዘግቶ፣ ወረቀቱን በባትሪ መብራት ፎቶ አንስቼ፣ ወጥቼ "ላክ" እላለሁ፣ ክቧ ግማሽ ላይ ትደርስና ትቆማለች፣ ስልኩን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፣ ትንሽ ትሄዳለች፣ ደግሞ ትቆማለች። አንዳንዴ ግማሽ ደቂቃ ምንም አትንቀሳቀስም። እኔ በአምስት ሰከንድ መላክ አልችልም። አጥቂ አይደለሁም፣ የቡና ሰራተኛ ነኝ። አምስት ሰከንድ ካደረጋችሁት እኔንም እንደ ሌባ ነው የምታባርሩኝ፣ ጎማ ላይ ያለው ሌላውም ጣቢያ እንደኔው ነው።

የሊሙ_ልጅ

አጋሮ_ጣቢያ ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ ይሄንን ነበር ልል የፈለግኩት፣ ካንተ አፍ መውጣቱ ይሻላል።

ፈረንጅ_አራዳ፣ ሃሳብህ ለኔ ሳይት የማይሆነው ለሁለት ነገር ነው። አንዱን እሱ ነገረህ። ሁለተኛው፣ ሞባይል ዳታ ላይ ያለ ሰው ለብቻው ፐብሊክ አይፒ የለውም፣ ብዙ ሰው ከአንድ አይፒ ጀርባ ነው የሚወጣው። እነዛ አስር አስራ አምስት ኮኔክሽን ያየሁባቸው የአገር ውስጥ አይፒዎች አንድ ሰው አይደሉም፣ ከማና፣ ከጎማ፣ ከሊሙ ኮሳ በአንድ ሰዓት የሚልኩ የተለያዩ ጣቢያዎች ናቸው። ኮንሊሚት 10 ካልኩ አጥቂው ሶስት አይፒ ላይ 30 ይዞ ይቀመጣል፣ እኔ ግን ጣቢያዎቼን በር ላይ አስቀራለሁ። ካምፓስ ውስጥ ላለ ሰውም ያው ነው፣ ስንት ሺህ ተማሪ በጥቂት አይፒ ነው የሚወጣው። ይሄ ህግ ሁሉም ሰው ቤቱ ፋይበር፣ ለራሱ አይፒ ባለው አገር የተጻፈ ምክር ነው። እኛ ጋ ቀርፋፋ ደንበኛ ማለት ዋናው ደንበኛ ነው።

ኪቶ_ፉርዲሳ

እና ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ያለው የሪክታይምአውት ዲፎልት ራሱ እነሱን ይጎዳል እኮ። ለቦዲ (ለሚላከው ዳታ ራሱ፣ እንደ ፎቶው) የመጀመሪያው ባይት እስኪመጣ 10 ሰከንድ ነው የሚሰጠው፣ ከዛ በሰከንድ 500 ባይት ይጠይቃል። ዳገት ላይ ወጥቶ ግማሽ ደቂቃ የቆመበት ስልክ ገና መላክ ሲጀምር ከሆነ የተቆረጠው፣ እዛው 408 ይሰጠዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ በሰከንድ 500 ባይት እየላከ ያለ አጥቂ ቦዲ ላይ ማብቂያ የለውም፣ ሄደር ላይ 40 የሚል ጣሪያ አለ፣ ቦዲ ላይ ግን ጣሪያ የለም። ኮንቴንት-ሌንግዝ (የቦዲው መጠን) ላይ ትልቅ ቁጥር ጽፎ በዝግታ ከላከ ወርከሩን እንደፈለገ ይይዘዋል። ስሎው ፖስት የሚሉት እሱ ነው አይደል? 150 ወርከር በ500 ባይት ስናባዛው በሰከንድ 75 ኪሎባይት ነው፣ ያን ያህል ደግሞ ከማንኛውም ስልክ ይወጣል። ማለትም አንድ አይነት ኮንፊግ ትክክለኛውን ሰው ያባርራል፣ አጥቂውን ደግሞ ያስቀምጣል።

የድሮ_አድሚን

ልክ ነሽ፣ እሱ ነው። "ደብልዩ" ሆኖ የሚታየውም ለዛ ነው፣ ቦዲ ሲነበብ አፓቼ ሄደሩን ጨርሻለሁ ብሎ ፊደሉን ቀይሮታል። ስለዚህ የኛዎቹ "ደብልዩ" ላይ የነበሩት ፎቶ እየላኩ ያሉት ጣቢያዎች ናቸው።

አሁን እንግዲህ ወደ ዋናው እንምጣ። ከውጭ ስታየው ዳገት ላይ ያለው የቡና ሰራተኛና ስሎውሎሪስ አንድ አይነት ናቸው፣ ሁለቱም ቀስ ብለው ይልካሉ። በፍጥነት ለመለየት የምትሞክር ከሆነ መቼም አይሳካልህም። ስለዚህ መለየቱን ተወው፣ መጠበቅን ርካሽ አድርገው። ችግሩ ደንበኛው መቅረፋፉ አይደለም፣ ለአንድ ቀርፋፋ ደንበኛ አንድ ሙሉ ፕሮሰስ መሰጠቱ ነው። ከፕሪፎርክ ወደ ኢቨንት ኤምፒኤም (ሌላው የአፓቼ አሰራር) ብትቀይርም ግማሽ መፍትሄ ነው፣ ኪፕ-አላይቭ ላይ የቆመውን ያቀልልሃል፣ ሄደር የሚያነበው ግን አሁንም አንድ ትሬድ ይዞ ነው።

ኤንጂንኤክስን (ሌላ ዌብ ሰርቨር ነው) ከአፓቼ ፊት አስቀምጥ። ኤንጂንኤክስ 2004 ላይ ሲወጣ ጀምሮ የተሰራው ለዚህ ነው፣ አንድ ወርከር ፕሮሰስ በሺህ የሚቆጠር ኮኔክሽን ይይዛል፣ የሚጠብቅ ኮኔክሽን ትንሽ ሜሞሪ ብቻ ነው የሚወስደው። የነሱ የራሳቸው ገጽ 10,000 ዝም ያለ ኪፕ-አላይቭ ኮኔክሽን 2.5 ሜጋባይት ያህል ነው የሚፈጀው ይላል፣ ቲኤልኤስ ሲጨመርበት ከዛ ይበልጣል፣ ግን አሁንም ከአንድ ፒኤችፒ ፕሮሰስ ጋር አይወዳደርም። ፕሮክሲ (ተቀብሎ ለአፓቼ አሳላፊ) ሲሆን ደግሞ ዲፎልቱ ጥያቄውን ሙሉውን፣ ቦዲውንም ጭምር፣ ተቀብሎ ሲጨርስ ነው ወደ ኋላ የሚያሳልፈው። አጋሮ ያለው ሰው ፎቶውን ለመላክ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅበት ሃያውን ደቂቃ የሚጠብቀው ኤንጂንኤክስ ነው፣ አፓቼ ጋ የሚደርሰው ሙሉ ሆኖ ነው፣ በዛው ማሽን ውስጥ ስለሆነ ደግሞ ብዙ አይቆይም። 150 ወርከር ያኔ ይተርፍሃል።

የምትጠነቀቅባቸው ነገሮች አሉ። ክላየንት-ማክስ-ቦዲ-ሳይዝ ዲፎልቱ 1 ሜጋ ነው፣ ካልቀየርከው የሚዛን ወረቀት ፎቶ ሁሉ 413 (በጣም ትልቅ ነው) ብሎ ይመለሳል፣ ማታ ጣቢያዎቹ ሲደውሉልህ ታድራለህ፣ 8 ሜጋ አድርገው። ክላየንት-ቦዲ-ታይምአውት 60 ሰከንድ ነው፣ እሱ ግን ለጠቅላላው አይደለም፣ በሁለት ንባብ መሃል ነው፣ ስለዚህ ግማሽ ደቂቃ የቆመ ስልክ ያልፋል፣ 120 ብታደርገውም አይጎዳህም፣ አሁን መጠበቅ ርካሽ ነው ብዬሃለሁ። ዎርከር-ኮኔክሽንስ፣ አንዱ ወርከር የሚይዘው የኮኔክሽን ብዛት፣ ኡቡንቱ ላይ 768 ነው፣ ፕሮክሲ ሲሆን ለአንድ ደንበኛ ሁለት ኮኔክሽን ሊቆጠር ይችላል፣ አንዱ ወደ ደንበኛው አንዱ ወደ አፓቼ፣ ስለዚህ ብዙ ሺህ አድርገው፣ የኦፕን ፋይል ገደቡንም አብረህ ከፍ አድርግ፣ ያለዛ ቁጥሩን ብቻ ቀይረህ ሌላ ግድግዳ ትመታለህ። ትልልቅ ቦዲዎች ዲስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ዲስክህ ላይ ቦታ መኖሩን እይ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አፓቼን 127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ላይ ብቻ እንዲሰማ አድርገው። ብዙ ሰው ኤንጂንኤክስን ከፊት ያደርግና አፓቼን በ8080 ለአለም ክፍት አድርጎ ይተወዋል፣ አጥቂው ዞሮ በጓሮ ይገባል።

ፈረንጅ_አራዳ

የሞባይሉን አይፒ ነገር በዚህ በኩል አላየሁትም ነበር፣ የኔ ደንበኞች ቢሮ ውስጥ ያሉ ናቸው። እሺ፣ ግን ኤንጂንኤክስ ላይ ኤችቲቲፒ ቱ ሲበራ ያ 2023 ላይ የወጣው ራፒድ ሪሴት የሚሉት ችግር አለበት አይደል? ከአንዱ ወጥቶ ወደ አንዱ እንዳይሆን።

የድሮ_አድሚን

ጥሩ አነሳህ። እሱ ሌላ አይነት ነው። ኤችቲቲፒ ቱ ላይ በአንድ ኮኔክሽን ውስጥ ብዙ ስትሪም (የጥያቄና መልስ መስመር) በአንድ ጊዜ ይከፈታል፣ ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ የሚከፈተውን ይገድባል። አጥቂው ስትሪም ይከፍትና ወዲያው ይሰርዘዋል፣ የተሰረዘው ከገደቡ ላይ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ገደቡ መቼም አይሞላም፣ ሰርቨሩ ግን ለእያንዳንዱ ስራ ጀምሯል። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በነሱ ኦክቶበር 10 ቀን 2023፣ ጎግል፣ ክላውድፍሌርና አማዞን አብረው ነው ይፋ ያደረጉት፣ ጥቃቱ ግን ከኦገስት ጀምሮ ነበረ። ጎግል ያየው ከፍተኛው በሰከንድ 398 ሚሊዮን ጥያቄ ነው፣ ክላውድፍሌር 201 ሚሊዮን፣ አማዞን 155 ሚሊዮን። ክላውድፍሌር ላይ የመጣው ከ20,000 ገደማ ማሽን ብቻ ነበር፣ ነገሩን የሚያስፈራ ያደረገው እሱ ነው። የመጣውም ከፕሮቶኮሉ አሰራር ስለሆነ ብዙ ሶፍትዌር ነው የነካው፣ ጎ ላንጉዌጅ፣ ኖድ፣ ቶምካት ሁሉም ፓች አውጥተዋል።

ኤንጂንኤክስ ላይ በአንድ ኮኔክሽን የሚስተናገደው ጥያቄ 1000 ላይ፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈት ስትሪም 128 ላይ የተገደበ ነው፣ እሱን ከፍ ካላደረግከው ጉዳቱ ውስን ነው፣ 1.25.3 ላይ ደግሞ ተጨማሪ መከላከያ ገብቷል። ኡቡንቱ የቨርዥን ቁጥሩን ሳይቀይር ፓቹን ብቻ ስለሚጨምር ቁጥር አይተህ አትፍራ፣ አፕዴት አድርግ። የሊሙ_ልጅ ሳይት በቀን ጥቂት ፎርም ነው የሚቀበለው፣ ኤችቲቲፒ ቱን ቢተወውም ምንም አይጎድልበትም።

ኮቺ_ሰፈር

ክላውድፍሌርን፣ ትራፊኩን ተቀብሎ የሚያጣራልህን አገልግሎት፣ ከፊት ማድረግስ? ነጻው ፕላን አለ።

የሊሙ_ልጅ

አስቤዋለሁ። ይረዳል፣ እነሱም ሄደሩን ተቀብለው ነው የሚያሳልፉት። ግን የሰርቨሩ ትክክለኛ አይፒ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ አይፒውን ካልቀየርኩ ወይ ፋየርዎሉን ለነሱ አይፒ ብቻ ካልከፈትኩ አጥቂው በቀጥታ ይመጣል። ደግሞ "ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ" የሚለው ገጽ ጣቢያ ላይ ባለ አሮጌ ስልክ፣ በዛ ኔትወርክ፣ ማታ፣ እንዴት እንደሚሆን አስበው። መጀመሪያ ቤቴን ላስተካክል፣ እሱ ሁለተኛ ነው።

ኪቶ_ፉርዲሳ

እኔ ስሎውኤችቲቲፒቴስት የሚባለውን ቱል ላብ ውስጥ በሁለት ቨርቹዋል ማሽን ሞክሬዋለሁ፣ አንዱ ላይ አፓቼ ፕሪፎርክ ብቻ፣ አንዱ ላይ ኤንጂንኤክስ ከፊት። የመጀመሪያው ወዲያው ነው የሚሞላው። ከፈለጋችሁ የዩኒየኑ ሳይት ላይ ልሞክርላችሁ?

የድሮ_አድሚን

አይሆንም የኔ ልጅ፣ እሱ ፈቅዶም ቢሆን ሰርቨሩ የተከራዩት ነው፣ አከራዩም መፍቀድ አለበት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 5 ላይ የኮምፒዩተር ስርዓት ስራን ማደናቀፍ ወንጀል ነው፣ ለጥናት ነው ማለት ከችግር አያወጣሽም። ላብሽ ውስጥ ግን እንደፈለግሽ አድርጊ፣ እንዲያውም አንድ የምትጠቅሚን ነገር አለ፣ ሊኑክስ ላይ ቲሲ ኔትኤም ተጠቅመሽ የቱጂ አይነት መስመር ስሪ፣ መዘግየትና የሚጠፋ ፓኬት ጨምሪበት፣ ከዛ ፎቶ ላኪበት። አጥቂው መቆሙን ሳይሆን አጋሮ ያለው ሰው ማለፉን ፈትሺልን። እሱን የሚፈትሽ ሰው አላየሁም።

ኪቶ_ፉርዲሳ

እሺ ጋሼ፣ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ።

የሊሙ_ልጅ

ለሁላችሁም፣ ኤንጂንኤክስ ከፊት ገብቷል። ማታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነበር። አጥቂዎቹ አሁንም አሉ፣ እንዲያውም አዲስ አይፒ ጨምረዋል፣ ኤንጂንኤክስ ላይ ኮኔክሽን ከፍተው ተቀምጠዋል፣ ደቂቃ ሲሞላቸው ይቆረጣሉ፣ ደግሞ ይመጣሉ። አፓቼ ላይ ግን በስራ ያለው ወርከር ከአምስት አልበለጠም፣ ሌላው ሁሉ ሰረዝ ነው። ሳይቱ ይከፍታል። ከጣቢያዎቹ ሪፖርቱ ገባ፣ የዘገየም አለ፣ ግን ገባ። የአይፒዎቹን ባለቤት ሆስቲንግ ካምፓኒዎች በሁዊዝ ፈልጌ ለአቢዩዝ አድራሻቸው ሰዓቱን ከነሎጉ ልኬላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ አፓቼ ሎግ ላይ ሁሉም ሰው 127.0.0.1 ሆኖ ነው የሚታየኝ።

የድሮ_አድሚን

ማሻአላህ፣ እሰየው። ሞድ_ሪሞትአይፒን አብራ፣ ኤንጂንኤክስ በኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር የሚልከውን የደንበኛውን አይፒ እንዲያነብ አድርገው። የምታምነው ፕሮክሲ ግን 127.0.0.1 ብቻ ይሁን፣ ያለዛ ማንም የፈለገውን አይፒ ጽፎ ይልክልህና ሎግህ ውሸት ይሆናል።

አጋሮ_ጣቢያ

የኔ ሄዷል። ግን ፎቶው ሶስት ሜጋ ነው አሉኝ፣ ለዛ ነው የሚረዝመው። ማሳነስ ይቻላል ወይ? እኔ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ኪቶ_ፉርዲሳ

ይቻላል፣ እርስዎ ምንም ማድረግ የለብዎትም። ፎርሙ ላይ ጃቫስክሪፕት ተጨምሮ ፎቶውን እዛው ስልኩ ላይ አሳንሶ ሊልከው ይችላል፣ የሚዛን ወረቀት ለማንበብ 200 ኪሎባይት ከበቂ በላይ ነው። የሊሙ_ልጅ፣ ኮዱን ልጽፈው እችላለሁ፣ ግን ብራውዘሩ አሮጌ ከሆነ ሳያሳንስ እንዲያልፍ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ እንዳይቆምባቸው።

የሊሙ_ልጅ

ጻፊልኝ እህቴ፣ ተባረኪ። አጋሮ_ጣቢያ፣ ነገ ስትችል ስልክህ ምን አይነት እንደሆነና ኢንተርኔቱን በምን እንደምትከፍተው ጻፍልኝ፣ የሌሎቹንም ጣቢያዎች እየደወልኩ እሰበስባለሁ፣ በዛ ላይ ነው የምንሞክረው።

አጋሮ_ጣቢያ

ቴክኖ ነው፣ ኦፔራ ሚኒ ነው የምጠቀመው፣ ዳታ ስለሚቆጥብ።

ኪቶ_ፉርዲሳ

ኦፔራ ሚኒ ከሆነ ዳታ በጣም የሚቆጥበው ሞድ ላይ ገጹ መጀመሪያ በነሱ ሰርቨር በኩል ነው የሚያልፈው፣ ጃቫስክሪፕቱ ስልኩ ላይ ላይሰራ ይችላል። ስለዚህ ሴቲንግ ገብተው የትኛው ሞድ ላይ እንዳለ ይዩልኝ፣ እኔም ላቤ ላይ በሁለቱም እሞክረዋለሁ።